ከመንዝ በላይ የሚሮጠው ነፋስ፦ ስለ ክረምቱ የላይኛው የምሥራቅ ነፋስ ዳሰሳ

ሐምሌ ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ፣ በሰሜን ሸዋ መንዝ ካለችው ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ጓሳ አካባቢ ቆሞ ወደ ሰማይ ለሚያይ ሰው ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ይታዩታል። ዝቅ ያለው ጉምና ደመና አንዴ ከጀማ ሸለቆ በኩል፣ አንዴ ከይፋት ቆላ በኩል ገደሉን እየታከከ ወጥቶ ሜዳውን ያለብሰዋል። ከእሱ በላይ ደግሞ የነጎድጓዱ ደመና አናት ጠፍጠፍ ብሎ ይዘረጋና ነጭ ጭረት እየሆነ ወደ መርሐቤቴና ወደ ዓባይ አቅጣጫ ይሳባል። የታችኛው ደመና እንደ ቀኑና እንደ ሰዓቱ መንገዱን ይለዋውጣል። የላይኛው ግን ክረምቱን ሙሉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው። ያን አናት የሚስበውን ነፋስ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ትሮፒካል ኢስተርሊ ጄት፣ ማለትም የሞቃታማው ቀጠና የምሥራቅ ጄት ይሉታል። ስለዚህ ነፋስ በዓለምም በአገራችንም ከ60 ዓመት በላይ ተጽፏል። የትኛው ጸንቶ እንደቆመ፣ የትኛው ገና እንደሚያከራክር፣ ለመንዝ ገበሬም ምን እንደሚፈይድ መለየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ነፋሱ የሚገኘው ከ12 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ከፍታ ውስጥ ሲሆን፣ የሚበረታው 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። መሐል ሜዳ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ በእሷና በነፋሱ መካከል የሚቀረው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በከተማዋ ከፍታ የአየር ግፊቱ 700 ሄክቶፓስካል አካባቢ ይሆናል፤ ከጠቅላላው የአየር ክብደት 30 በመቶ የሚጠጋው ከእግሯ በታች ቀርቷል ማለት ነው። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ተነሥቶ፣ ደቡብ ህንድን፣ የዓረብ ባሕርንና የአፍሪካን ቀንድ አቋርጦ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ይዘልቃል። በደቡብ ህንድና በዓረብ ባሕር ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜትር ይደርሳል፤ በሰዓት ሲሰላ ከ108 እስከ 144 ኪሎ ሜትር ነው። ኢትዮጵያ ላይ ሲደርስ በርዶ በሰከንድ ወደ 20 ሜትር ይጠጋል። በአፍሪካ ላይ ሲያልፍ ዋና መስመሩ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ግድም ነው፤ መሐል ሜዳም 10 ዲግሪ ከጥቂት ላይ ስለሆነች በአናቷ ያልፋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በክረምት ከሙምባይ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ የመንገደኛ አውሮፕላን የዚህን ነፋስ የታችኛውን ክፍል ስለሚያገኝ ከኋላው ይገፋዋል፤ ሲሄድ ግን ከፊት ይገጥመዋል።

አባቶቻችን ነፋስን በየአቅጣጫው መለየትን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል። ሙሉ ሆኖ በግእዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ 12 የነፋስ በሮችን ይቆጥራል፤ አራቱን የበረከት፣ ስምንቱን የጉዳት ያደርጋቸዋል። የላይኛውን አየር በመሣሪያ መለካት ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መለኪያ ተሸክመው የሚወጡ ፊኛዎች በየአገሩ በብዛት መለቀቅ ሲጀምሩ፣ ህንዳዊው የሚቲዎሮሎጂ ሊቅ ፒ. ኮቴስዋራም የተገኘውን መረጃ አቀናጅቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለዚህ ነፋስ መሠረታዊውን ጽሑፍ አሳተመ። ጀርመናዊው ኸርማን ፍሎን ደግሞ በ1960ዎቹ ነፋሱን እስከ አፍሪካ ተከትሎ አጠና።

ነፋሱ ለምን ይፈጠራል? በተለመደው ሁኔታ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በተኬደ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በዚህም የተነሣ ከፍ ባለ ቁጥር ከምዕራብ የሚመጣ ነፋስ ይበረታል። በክረምታችን ወራት ግን በእስያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በአማካይ 4,500 ሜትር ከፍታ ያለው የቲቤት አምባ በፀሐይ ይሞቃል፣ በህንድ ላይ የሚወርደው የሞንሱን ዝናብም ተን ወደ ውሃ ሲለወጥ የሚለቀውን ሙቀት ወደ ላይ ይረጫል። ስለዚህ በላይኛው አየር ሰሜኑ ከደቡቡ ይልቅ ሞቃት ይሆናል፤ በቲቤት ላይ ግዙፍ የከፍተኛ ግፊት ሥፍራ ይፈጠራል፤ ከዚያ በስተደቡብ የሚዞረው አየር ወደ ምዕራብ ይወረወራል። ዋናው ሥራ የአምባው ሙቀት ነው ወይስ የተራራው ግርዶሽ የሚለው ገና ያከራክራል። ዊልያም ቡስና ዢሚንግ ኳንግ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ የሂማሊያ ሰንሰለት ቀዝቃዛውንና ደረቁን የሰሜን አየር መከልከሉ ከአምባው መሞቅ እንደሚበልጥ ተከራክረዋል። ለእኛ ግን ውጤቱ አንድ ነው፦ የህንድ ሞንሱን ሲጠነክር በእኛ ሰማይ ላይ የሚያልፈው ነፋስም ይጠነክራል።

እዚህ ላይ የመንዝን አቀማመጥ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ነፋሱ የዓረብን ባሕር ካለፈ በኋላ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይመጣል። በፊዚክስ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ የምሥራቅ ነፋስ ፍጥነት በሚቀንስበት አካባቢ፣ ከመስመሩ በስተሰሜን አየር ወደ ታች ይወርዳል፣ በስተደቡብ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ታች የሚወርድ አየር ይሞቃል፣ ይደርቃል፤ ደመና አያፈራም። ፍሎን የቀይ ባሕርን ዳርቻና የአፍሪካን ቀንድ ደረቅነት ሲያብራራ ይህን ሐሳብ ተጠቅሟል። መንዝ እንግዲህ በሁለቱ መካከል፣ ድንበሩ ላይ ናት። ከጓሳ አፋፍ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲታይ ይፋትና የአፋር በረሃ ነው፤ ወደ ምዕራብ ዞር ሲሉ የጀማና የወንጪት ውሃ ወደ ዓባይ የሚወርድበት ደጋ ነው። ድንበር ላይ ያለ አገር ደግሞ የነፋሱ መስመር በትንሹ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ሲዘዋወር ቶሎ ይሰማዋል፤ የመንዝ ክረምት ከጎጃም ክረምት ይልቅ የሚለዋወጠው በአንድ በኩል በዚህ ይመስለኛል።

ነፋሱ ዝናቡን የሚያግዘው እንዴት ነው? ጭስ መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ እንጨቱ ደረቅ ቢሆንም እሳቱ እንደሚታፈነው፣ ከታች እርጥበት ሞልቶ ከላይ አየሩ መውጫ ካጣ የደመናው ግንብ አይረዝምም። የላይኛው ነፋስ ከነጎድጓዱ ደመና አናት የሚወጣውን አየር ጠርጎ ሲወስድለት፣ ከታች አዲስ እርጥብ አየር ይሳባል፤ ደመናው ይቆማል፣ ይወፍራል፣ ዝናቡም ይዘንባል። ነፋሱ ራሱ ግን አንዲት ጠብታ ውሃ አያመጣም፤ በዚያ ከፍታ አየሩ እጅግ ቀዝቃዛና ተን አልባ ነው። ውሃው የሚመጣው ከታች ነው።

ከታች ከየት? በትምህርት ቤት ሲነገር የኖረው የክረምታችን እርጥበት ከአትላንቲክ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል የሚል ነው። የበርገን ዩኒቨርሲቲዎቹ ኤለን ቪስተና አስጌር ሶርተበርግ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሥራ የአየሩን መንገድ ወደ ኋላ ተከትለው ሲያሰሉ የተገኘው ሥዕል ከዚህ የተለየ ሆነ። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በቀጥታ የሚመጣው ድርሻ እንደተገመተው ትልቅ አይደለም፤ ከሰሜን በሜዲትራኒያንና በቀይ ባሕር በኩል፣ እንዲሁም ከህንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ይበልጣል። ጆን ፊንድላተር እ.ኤ.አ. በ1969 ያስተዋወቀው፣ በኬንያና በሶማሊያ ጠረፍ ምድርን ታክኮ የሚሮጠው የታችኛው የሶማሌ ጄትም የዚህ ሥርዓት አካል ነው። የትምህርት መጻሕፍቱ በዚህ ረገድ መታረም አለባቸው ባይ ነኝ፤ ተማሪው የአገሩን ዝናብ ምንጭ በትክክል ሊያውቅ ይገባዋል።

የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ድርሻ በዚህ ጥያቄ ላይ ከፍ ያለ ነው። ዘውዱ ሰገሌ ከፒተር ላምብ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ክረምት ዝናብ ባሳተመው ጥናት ክረምት ከአገሪቱ ሰፊ ክፍል ዓመታዊ ዝናብ ከ65 እስከ 95 በመቶ እንደሚሸፍን አሳይቷል። በ2009 የተከተለው ሥራው ደግሞ የክረምቱን መብዛትና ማነስ ከትልልቁ የአየር ዝውውርና ከባሕር ሙቀት ጋር አያይዞ መረመረ፤ ዝናቡ በሚበዛባቸው ዓመታት የላይኛው የምሥራቅ ነፋስም የታችኛው የሶማሌ ጄትም ይበረታሉ። ተስፋዬ ግሲላ በ2004፣ ድሪባ ቆሬቻ ከአንቶኒ ባርንስተን ጋር በ2007 ባሳተሟቸው ጥናቶች ክረምትን አስቀድሞ ለመተንበይ የሚረዳው ዋናው ምልክት የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት፣ ማለትም ኤልኒኞና ላኒኛ መሆኑን አስረድተዋል።

እነዚህ ግኝቶች አንዱ ሌላውን ይደግፋሉ። የሰላማዊ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ሲሞቅ ትልቁ የዝናብ ማዕከል ከእስያ ወደዚያ ይሸሻል። የህንድ ሞንሱን ይደክማል፣ የቲቤቱ የላይኛ ግፊት ይላላል፣ በእኛ ሰማይ የሚያልፈው ነፋስ ይቀዘቅዛል፣ የክረምቱ ደመናም አናቱን የሚጠርግለት ያጣል። ካናሚትሱና ክሪሽናሙርቲ የተባሉ ተመራማሪዎች ለወሎው ረሃብ መነሻ የሆነውን የእ.ኤ.አ. 1972ን ክረምት ዝናቡ ደህና ከነበረበት ከ1967 ጋር አነጻጽረው የምሥራቁ ጄት ደክሞ እንደነበር በ1978 አሳትመዋል። በ2015 ኤልኒኞ እጅግ በበረታበት ወቅት ክረምቱ በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከሽፎ፣ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በ1880 ዓ.ም. የጀመረው ክፉ ቀንም ከኤልኒኞ ጋር ገጥሟል፤ የከብቱ እልቂት ተጨምሮበት አገር ያራቆተው ያ ዘመን በመንዝ ሽማግሌዎች ወግ ውስጥ ዛሬም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ። የላይኛው ነፋስና ዝናቡ አብረው ይጠነክራሉ፣ አብረው ይደክማሉ፤ ይህ አያጠያይቅም። ግን ነፋሱ ነው ዝናቡን የሚያመጣው ወይስ ዝናቡ ነው ነፋሱን የሚያበረታው? ለብዙ ዓመታት ነፋሱ እንደ አዛዥ፣ ዝናቡ እንደ ታዛዥ ሆኖ ሲጻፍ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የሀምቡርግ ተመራማሪዎች በሳህል ቀጠና ላይ ባሳተሙት ጥናት ግን በቀናትና በሳምንታት ልኬት ሲታይ ነፋሱ በዝናቡ ላይ ያለው ተጽዕኖ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ብዙውን ጊዜ የነጎድጓዱ ደመና በሚለቀው አየር ራሱ ነፋሱን ይገፋዋል። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ በአንድ ሳምንት ውስጥ መሐል ሜዳ ላይ ዘንቦ እንደሆነ ነፋሱን ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም፤ የወቅቱን ጠቅላላ ጠባይ ግን ከእሱ ጤና ማንበብ ይቻላል። ነፋሱ ከእስያ እስከ አፍሪካ የተዘረጋው ትልቅ ሥርዓት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚናገር ምልክት ነው፤ ብቻውን የሚያዝዝ ጌታ አይደለም። አንዳንድ የአገር ውስጥ ጽሑፎች የምሥራቁ ጄት ስለደከመ ዝናቡ ጠፋ ብለው ሲደመድሙ ምልክቱን ከምክንያቱ እያቀላቀሉ ነው።

ነፋሱ በጊዜ ብዛት እየደከመ መጥቷል ወይ የሚለውም ሌላ ጥያቄ ነው። ከ1950 እስከ 2009 ያለውን የመረመሩ አቢሽና ባልደረቦቹ በ2013 መዳከሙን አሳይተዋል፤ የህንድ ውቅያኖስ መሞቅ በሰሜንና በደቡብ መካከል ያለውን የላይኛ አየር የሙቀት ልዩነት ማጥበቡን እንደ ምክንያት አንሥተዋል። ከዚያ በኋላ የወጡ ሥራዎች ደግሞ ከ2000 ወዲህ ማገገሙን ጽፈዋል። ሳተላይት በሰፊው ከመጀመሩ በፊት የነበረው መረጃ የተቆራረጠ ስለሆነ፣ በአፍሪካ በኩል ያለውን የረጅም ዘመን መስመር በጥንቃቄ ማየት ይሻላል።

 

የእኛ ሰማይ ተቀባይ ብቻ እንዳልሆነ ግን ሳይነገር ማለፍ የለበትም። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የሚነሣው የነጎድጓድ ደመና ከምሥራቅ የሚመጣውን ነፋስ ተከትሎ ወደ ሱዳንና ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይሄዳል። ክሪስቶፈር ሂልና ዩ-ላንግ ሊን በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ነሐሴ 2000 እ.ኤ.አ. በአትላንቲክ ላይ የተነሣውን ሀሪኬን አልቤርቶ ወደ ኋላ ተከትለው መነሻውን የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ካደረገ የደመና ክምችት ጋር አያይዘውታል።

ወደ መንዝ እርሻ ስመለስ፣ ስለ ክረምት ሲጻፍ ዘወትር የሚረሳ ነገር አለ። ለመሐል ሜዳ ገበሬ የዝናቡ ብዛት ብቻውን ወሳኝ አይደለም። መረሬው አፈር ውሃ ይቋጥራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ከልክ በላይ ከዘነበ ገብሱ ቢጫ ይሆናል፣ ባቄላው ሥሩ ይበሰብሳል፣ በረዶ ከመጣ ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማሳውን ያወድመዋል። ከሁሉ የሚከፋው የክረምቱ አወጣጥ ነው። የላይኛው የምሥራቅ ነፋስ መስከረም ላይ ላልቶ ጥቅምት ሲገባ ይጠፋል፤ በምትኩ ከሰሜን የምዕራብ ጄት ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ደመናው ይገፈፋል። በ3,100 ሜትር ላይ ደመና የሌለበት ሌሊት ማለት ምድር ሙቀቷን ያለ ከልካይ የምትለቅበት ሌሊት ነው። ገብሱ ገና ወተት እያለ ሰማዩ ቀድሞ ከጠራ ውርጭ ይመታዋል፤ ዛላው ነጭ ሆኖ ቆሞ ይታያል፣ ሲታሽ ግን ፍሬ የለውም። ስለዚህ ክረምቱ 10 ቀን ቀድሞ መውጣቱ በሚሊ ሜትር ሲለካ ትንሽ ቢመስልም፣ በጎተራ ሲለካ ትልቅ ነው። ሐምሌና ነሐሴን ብቻ ደምሮ ክረምቱ መደበኛ ነበር የሚል ሪፖርት ለመንዝ ምንም አልተናገረም ማለት ነው።

በልግ ሌላ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚዘንበው የበልግ ዝናብ በዚህ የምሥራቅ ነፋስ አይተዳደርም፤ ከሜዲትራኒያን በኩል የሚወርደው የምዕራብ ጄት ጎድጓዳ ክፍልና ከዓረብ ባሕር የሚመጣው እርጥበት ሲገናኙ ነው የሚጥለው። በዚህ የተነሣ ክረምትን የሚያደርቅ ኤልኒኞ በልግን አንዳንዴ ያጠግባል። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክረምቱ ከደከመ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያለ ወቅቱ ዘንቦ በብዙ የአገሪቱ ክፍል የደረሰ ሰብል አበላሽቷል። በመንዝ የበልግ ገብስ የሚዘሩ ቀበሌዎችና በመኸር ብቻ የሚኖሩ ቀበሌዎች ጎን ለጎን ስላሉ፣ ለወረዳው በሙሉ አንድ ትንበያ መስጠት አይበቃም።

ትንበያው ራሱስ? አገሪቱ የወቅት ትንበያ መስጠት የጀመረችው ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምት ከመግባቱ በፊት ትንበያውን ያወጣል፤ ከሚመለከታቸው ምልክቶች መካከልም በደቡባዊው የህንድ ውቅያኖስ ላይ የሚገኘው የማስካሪን ከፍተኛ ግፊት፣ የሶማሌው ጄትና የላይኛው የምሥራቅ ጄት ይገኛሉ። ውጤቱ የሚገለጸው ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ተብለው በተከፈሉ ሦስት ዕድሎች ነው። ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው የሚል ትንበያ ቢወጣ፣ በየደረጃው ሲተላለፍ ዘንድሮ ድርቅ ነው ተብሎ ቀበሌ ሊደርስ ይችላል፤ ያ ካልሆነ ደግሞ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት አያምንም። ዕድልን በዕድልነቱ መናገር ለገበሬው ከባድ አይደለም፤ ገበሬ ዘር ሲበትን ኑሮውን በሙሉ በዕድል ነው የሚያሰላው።

የላይኛውን ነፋስ በቀጥታ የሚለካው ሬዲዮሶንድ የተባለው በፊኛ የሚወጣ መሣሪያ ነው። በአገራችን የዚህ ልኬት ዋና ጣቢያ አዲስ አበባ ሲሆን፣ ለዚህን ያህል ስፋትና ከፍታ ላለው አገር ይህ እጅግ ያንሳል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. ያመጠቃት ኤዎሉስ የተባለችው ሳተላይት በሌዘር ብርሃን ነፋስን ከጠፈር ስትለካ ቆይታ በ2023 ሥራዋን ጨርሳለች። ሳተላይት ግን የምድር ጣቢያን አይተካም።

መሐል ሜዳ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ አላት። ተመልካቹ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በመለኪያው ውስጥ ያደረውን ውሃ በምልክት በተሰመረ ብርጭቆ ገልብጦ ያነብባል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በዓለም ላይ ስለ ላይኛው ነፋስ የሚሠራው የኮምፒዩተር ሞዴል ሁሉ መንዝ ላይ እውነት መሆኑ የሚፈተነው በዚህ ቁጥር ነው። አንድ ቀን ሳይነበብ ከቀረ በኋላ የሚሞላው የለም። ስለዚህ ሁለት ነገር መደረግ አለበት። አንደኛ፣ የጣቢያዎቹ ተመልካቾች ደመወዝና መሣሪያ ከሌላው የመንግሥት ወጪ በኋላ የሚታሰብ መሆኑ ይቅር። ሁለተኛ፣ በደቡብና በሰሜን ኢትዮጵያ ቢያንስ አንድ አንድ የላይኛ አየር መለኪያ ጣቢያ በየቀኑ ፊኛ እንዲለቅ በጀት ይያዝለት። የሰሜኑን ለመትከል ቦታ የሚመርጡ ኃላፊዎች የሰሜን ሸዋን ደጋ አስቀድመው እንዲያዩት እጠይቃለሁ።